በነዳጅ አገር መብራት የቆጠበ

የሰው ልጅ የሚያነደው አጥቶ አያውቅም። መጀመሪያ እንጨቱን ጨረሰ፣ ቀጥሎ ከሰል ቆፍሮ መርከብ ነዳበት፣ ከዚያ ነዳጅ አገኘና እንቅልፍ አጣ። ነዳጅ እንደሆነ ቀልድ አያውቅም። ዓረቦቹ አንድ ጊዜ ቧንቧቸውን ጠበብ ቢያደርጉት፣ እኛ አገር ታክሲው ቆመ፤ ነገር ነገርን ወለደና ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ቧንቧው እነሱ ዘንድ፣ ጣጣው እኛ ዘንድ!

እኔም የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሆኜ ጅዳ፣ እዚያው ቧንቧው አፍ ላይ ኖርኩ። ጎረቤቶቼ አገር ጥለው ሲሄዱ እንኳ መከይፋቸውን፣ ያው የአየር ማቀዝቀዣውን፣ አያጠፉም፤ ሲመለሱ ቤቱ በርዶ እንዲቆያቸው ነው። እኔም ለመድኩ። ምን ላድርግ፣ ከሰው መለየት ደግ አይደለም።

በፈረንጆቹ 2013፣ ኢቃማ፣ ያው የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሁሉ ሲታፈስ፣ ሰይድ እኔ ቤት መጣ። ወደብ ላይ ጭነት የሚያወርድ የወሎ ልጅ ነው፤ ካራንቲና ሰፈር የነበረበት ክፍል ሲከበብ በመስኮት ዘሎ ነው ያመለጠው። እኔ ደግሞ በማግሥቱ ለሥራ መካ፣ ሩሰይፋ ተጠራሁ።

«በር እንዳትከፍት፤ መከይፉንም እንዳትነካው» አልኩት።

«አብሽሩ ጋሼ! ቤቱን እንደ ዓይኔ ነው የምጠብቀው።»

ጠበቀውማ! የሰው ቤት ተሸሽጎ የሰው ቆጣሪ ማስቆጠር ነውር ሆነበትና፣ ገና እግሬ ከመውጣቱ መከይፉን አጠፋው። ላቡን እየጠረገ ቁጭ አለ።

የቀረውን የሕንፃው ዘበኛ ነው የነገረኝ። ፖሊሶቹ ሲመጡ «መሐንዲሱ መካ ናቸው፣ ቤቱ ባዶ ነው» አላቸው። አንደኛው ቀና ብሎ መስኮቶቹን አየ። የሁሉም መከይፍ ያጓራል፤ የእኔ ብቻ ጭጭ ብሏል።

«እሳቸው ሲወጡ ይሠራ ነበር?»

«ይሠራ ነበር።»

«ታዲያ ባዶ ቤት ውስጥ ማን አጠፋው? ያላ፣ ወደ ላይ ውጡ!»

ሰይድ ከተያዘበት ደወለልኝ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን «ጋሼ፣ አፉ ይበሉኝ፣ የሚከፍሉት ገንዘብ አሳዘነኝና አጠፋሁት» አለኝ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ከወራት በኋላ ከወሎ ደወለ። ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ፤ መብራት ግን ከጠፋ ሰንብቷል። እንደ ባለሙያ አዝኜ ከንፈሬን መጠጥኩለት።

«ኧረ አይዘኑ ጋሼ» አለኝ። «እዚህ እኮ ማን አጠፋው ብሎ የሚጠይቅ የለም።»