ባጫ ታማሚ፣ ጋሽ ኃይለመስቀል አስታማሚ

[የእንቅልፍ ክሊኒክ መግቢያ። ሁለት ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መካከላቸው አንድ ትራስ አለ።]

ባጫ፦ ትራሱን ይዤ አልገባም ጋሼ። ሰው ያየናል።

ኃይለመስቀል፦ ይየን። ታማሚ በማያውቀው ትራስ አይተኛም። እንቅልፍ እንደ ድመት ነው፤ ቤቱን ይለያል።

ባጫ፦ ክሊኒኩ የራሱ ትራስ አለው አሉ።

ኃይለመስቀል፦ የክሊኒክ ትራስ ላይ የስንት ሰው ቅዠት እንደቀረ ታውቃለህ? የማታውቀውን ሰው ቅዠት ይዘህ ብትመለስ ማን ያስለቅቅሃል?

ባጫ፦ (ትራሱን ብብቱ ሥር እየከተተ) እሺ፣ ይሁን።

ጋሽ ኃይለመስቀል ኮልፌ ውስጥ የሸቀጥ ሱቅ አላቸው። የሰፈሩን እድር ይመራሉ። ሳይጠየቁ የሚመልሱ ሰው ናቸው። ባጫ ደግሞ ጦር ኃይሎች አጠገብ ጎሚስታ ቤት ውስጥ ጎማ ይጠግናል። ጎረቤታሞች ናቸው፤ የሁለቱን መኝታ ቤት የሚለየው አንድ የቺፑድ ግድግዳ ነው።

ሰሞኑን የባጫ ሚስት ዋጋነሽ «በማንኮራፋት ላብድ ነው፣ ጸጥ ሲል ጥሩኝ» ብላ አስኮ እህቷ ቤት ገባች። ባጫም ሱቅ ድረስ መጣና «ጋሼ፣ የሚያንኮራፋው ሰው...» ብሎ ጀመረ። የቀረውን ጋሽ ኃይለመስቀል ጨረሱለት። «አንተ ነህ። አትፈር፤ ይታከማል።» ጥቂት ቀን ቆይቶ ባጫ ተመልሶ መጣ። ክሊኒኩ አስታማሚ ይዘህ ና ብሎኛል፣ ከእርስዎ በቀር ማን አለኝ አላቸው። ጋሽ ኃይለመስቀል በምርጫው አልተገረሙም።

ኃይለመስቀል፦ ሐኪሙ ሲጠይቅህ እንዳትደብቅ። አንኮራፋለሁ በለው።

ባጫ፦ እርስዎ ካሉ እላለሁ። ግን እኮ ጋሼ፣ ማንኮራፋቱን እሰማዋለሁ።

ኃይለመስቀል፦ የጠናብህ ለዚያ ነዋ። ተራ አንኮራፊ ራሱን አይሰማም። አንተ መስማት ጀምረሃል።

ባጫ፦ ቁጭ ብዬም እሰማለሁ።

ኃይለመስቀል፦ ቁጭ ብለህ?

ባጫ፦ ሻይ እየጠጣሁ።

ኃይለመስቀል፦ (በሐዘን) እንግዲያው ከእንቅልፍ አልፎ ወደ ሻይ ተዛምቷል።

ባጫ፦ እርስዎ በግድግዳው በኩል ምንም አይሰሙም?

ኃይለመስቀል፦ እኔ ከተኛሁ ድንጋይ ነኝ። ባለቤቴን ሸዋገነትን ጠይቃት። ልጅ ድረን የልጅ ልጅ እስክናይ ድረስ፣ ስለ አተኛኘቴ አንድ ቅሬታ ሰምቼ አላውቅም።

ባጫ፦ እሳቸውማ ጨዋ ናቸው።

[ነርሷ ራኬብ ታስገባቸዋለች።]

ምርመራው የቀን ነው። ራኬብ የባጫን ግንባርና ደረት በቀጫጭን ሽቦዎች አያያዘች፣ አፍንጫው ሥር ቱቦ አደረገች፣ ሐኪሙ ከጎን ክፍል ሆኖ እንደሚከታተል ነግራው መጋረጃውን ዘጋች። ባጫ ጣሪያውን ያያል። ጋሽ ኃይለመስቀል አልጋው ራስጌ ቆመው ይመክሩታል። ጎማ አስብ አሉት፤ ጎማ ሲያስብ ሥራው ትዝ አለው። እንግዲያው ምንም አታስብ አሉት፤ ምንም ማለት ምን እንደሆነ ጠየቃቸው።

ባጫ፦ እንቢ አለኝ። ሰው እያየኝ መተኛት አልለመድኩም።

ኃይለመስቀል፦ መተኛት አታውቅበትም፣ ነገሩ ይኸው ነው። ተነሥ፣ ላሳይህ።

ራኬብ፦ አባባ፣ አልጋው የታካሚ ነው።

ኃይለመስቀል፦ አንዴ ላሳየው ልጄ። አይቶ ይደግማል።

ባጫ፦ ያለ ሽቦ ቢያሳዩኝ ምን ይገባኛል? እኔን ያስቸገረኝ ሽቦው ነው።

ኃይለመስቀል፦ ይኼ እንኳ እውነት ነው። ልጄ፣ ሽቦውን ወደኔ አዙሪው።

ራኬብ ባጫን አየችው። ባጫ መሬት መሬቱን አየ። ሽቦው ዞረ። ጋሽ ኃይለመስቀል ጋደም አሉና «በመጀመሪያ በጀርባ መንጋለል...» ብለው ትምህርቱን ጀመሩ።

ዓይናቸውን ሲገልጡ ክፍሉ በሰው ተሞልቷል። ሐኪሙ አለ። ዘበኛው አለ። የሌላ ክፍል ታካሚዎች ከነሽቦአቸው በር ላይ ተደርድረዋል፤ አንዷ ጆሮዋን ይዛለች።

ኃይለመስቀል፦ በሁለተኛ ደረጃ...

ባጫ፦ ጨርሰዋል ጋሼ።

ኃይለመስቀል፦ (ለተሰበሰበው ሰው) ሰማችሁት አይደል? ይኼ ልጅ ሲያንኮራፋ እኔን እንኳ ቀሰቀሰኝ።

ራኬብ፦ አባባ፣ ያንኮራፉት እርስዎ ነዎት።

ኃይለመስቀል፦ ሽቦው የሱ ነው እኮ። መጀመሪያ እሱ ላይ ነበር፤ የሱ ሕመም ቀርቶበት ነው።

ራኬብ፦ ሽቦ ሕመም አያጋባም።

ሐኪሙ ሰዉን በትኖ በዝግታ አስረዳቸው። ጉሮሮአቸው እንቅልፍ ላይ ይዘጋል፣ ትንፋሻቸው ይቆማል፣ ሲመለስ ነው እንደዚያ የሚያጓራው። ካልታከሙ ልብ ይጎዳል። መድኃኒቱ ማታ ማታ አፍንጫ ላይ የሚደረግ፣ አየር የሚነፋ መሣሪያ ነው። ቀን ቀን ያሸልብዎታል ወይ ብሎም ጠየቃቸው። ጋሽ ኃይለመስቀል ሱቅ ውስጥ ዓይናቸውን የሚጨፍኑት ለማሰብ እንደሆነ ነገሩት። ሐኪሙ ጽፎ ወጣ።

ኃይለመስቀል፦ አንተ ታውቅ ነበር?

ባጫ፦ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

ኃይለመስቀል፦ ለምን አትነግረኝም ታዲያ?

ባጫ፦ ታላቅ ሰው እንዴት ያንኮራፋሉ ይባላል? ታምሜያለሁ ማለት ቀለለኝ።

ኃይለመስቀል፦ ለዚህ ብለህ ግንባርህን በሽቦ አስጠለፍክ?

ባጫ፦ ሚስቴ አስኮ ናት ጋሼ። እርስዎ መሣሪያውን ካላደረጉ አትመጣም።

ኃይለመስቀል፦ እኔ አፍንጫዬ ላይ ቱቦ አላስርም። የእድር ሰብሳቢ ነኝ። የኔ ነገር በጉባኤ ቀርቦ ሳይመከርበት...

ባጫ፦ ተመክሮበታል።

ኃይለመስቀል፦ የት?

ባጫ፦ እድሩ ላይ። እኔ ታምሜያለሁ እንድል፣ እርስዎ አስታማሚ ሆነው እንዲመጡ፣ ከተገኘብዎም የታዘዘልዎትን እንዲያደርጉ ተወሰነ። ሐሳቡን ያቀረቡት እትዬ ሸዋገነት ናቸው።

ኃይለመስቀል፦ (ሽቦውን ከግንባራቸው እየነቀሉ) ውድቅ ነው። እኔ በሌለሁበት እድሩ ምንም መወሰን አይችልም።

ባጫ፦ ነበሩ። ስብሰባውን የመሩት እርስዎ ነዎት።

ኃይለመስቀል፦ እኔ? እና ዝም አልኩ?

ባጫ፦ ዝምስ አላሉም፤ ቤቱ እስኪናወጥ እያንኮራፉ ነበር። ግን የምትደግፉ እጅ አውጡ ሲባል፣ እርስዎ አንገትዎን ወደ ፊት ጣል፣ ጣል አደረጉ። ሰብሳቢው ከተስማሙ ብለን ያለ ተቃውሞ አጸደቅነው።