ለሥራ አስኪያጃችን የወሰድናት ፍየል

አሶሳ ውስጥ ሰው በተሰበሰበበት «ተቸግሬያለሁ» እንዳትሉ። የምሬን ነው። ሌላ ከተማ ብትሉት «አይዞህ፣ ያልፋል» ተብላችሁ ትሸኛላችሁ። እዚህ ግን ውላችሁ ሳታድሩ አንዱ ማሽላ፣ አንዱ ዶሮ ይዞ ደጃችሁ ይቆማል። የእውነት ከተቸገራችሁ ጥሩ፣ በልታችሁ ታድራላችሁ። ካልተቸገራችሁ ግን የምትገቡበት ይጠፋችኋል።

እኔ የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው። አባቴ ሲነግረን፣ በደርግ ጊዜ አምጥተው ሜዳ ላይ ሲጥሏቸው መጀመሪያ የደረሰላቸው አንድ የአገሬው ተወላጅ፣ የበርታ ሰውዬ ነበር፣ ቅል ሙሉ እህል ይዞ። ማን ናችሁ፣ ከየት መጣችሁ አላላቸውም። እና ልማዱን አውቀዋለሁ። የማያውቀው ሥራ አስኪያጃችን ነው።

የምሠራው እብነ በረድ ማምረቻ ውስጥ ነው፣ ማለስለሻ ክፍል። ድንጋዩ ከመጋዝ ክፍል ተቆርጦ ይመጣል፤ እኛ ሴቶቹ ፊት እስኪያሳይ እናሻሸዋለን። ደመወዙ እንኳ ይቅር፣ አይወራ። ግን አንድ የምንጽናናበት ነገር ነበረን። በየወሩ ከደመወዛችን ትንሽ ይቆረጣል፣ ድርጅቱም በዚያው ልክ ይጨምርበታል፣ ስንወጣ እንቀበለዋለን። ከመንግሥቱ ጡረታ ሌላ ነው። የቢሮ ሰዎቹ ፕሮቪደንት ፈንድ ይሉታል፤ እኛ ምርኩዝ ነው የምንለው።

ለምርኩዙ ከሁላችንም የቀረቡት ጋሽ ሐሚስ ነበሩ። በርታ ናቸው፣ የመጋዝ ክፍሉ ሽማግሌ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወር የቀራቸው። በዚያ ገንዘብ ወፍጮ ሊገዙ ነው። የሰፈራቸው ሴቶች እህል ተሸክመው ከተማ ድረስ መምጣታቸው ያንገበግባቸዋል። ሞተሩን ምን ቀለም እንደሚቀቡት ሳይቀር ወስነዋል። አረንጓዴ።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ስብሰባ ተጠራን። ሥራ አስኪያጃችን ተነሳ። (ፊቱ ቆሜ አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ከእናንተ ጋር ስለሆንኩ ነው።) ድርጅቱ ችግር ላይ ነው አለ። ስለዚህ ድርጅቱ ይጨምር የነበረው ድርሻ ከዚህ ወር ጀምሮ ይቆማል፣ እስካሁን የተጠራቀመውም የሚከፈለው ድርጅቱ ሲያገግም ነው አለ። መቼ ነው የሚያገግመው? እሱን እግዜር ይወቀው። አዳራሹ ማጉረምረም ሲጀምር ሰውየው ደነገጠ። የደነገጠ ሰው ደግሞ የማይለው የለም። «እኔም እኮ እንደናንተው ተቸግሬያለሁ! ችግሩ ቤቴ ድረስ ገብቷል!» አለና መሐረብ አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ።

ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ደመወዙ መጨመሩን ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ድርጅቱ የገዛለትን አዲስ መኪና ከጭነት መኪና ላይ ያወረድናት እኛው ነን፤ የወንበሯ ላስቲክ እንኳ ገና አልተላጠም።

ጋሽ ሐሚስ ተነሱ። በቃ፣ ልኩን ሊነግሩት ነው አልን። እሳቸው ግን ዓይናቸው እንባ ሞልቶ «አላህ ይርዳህ፣ ወንድሜ» ብለው ተቀመጡ!

ተቃጠልኩ። ስንወጣ ተከትያቸው «ጋሽ ሐሚስ፣ የቀሙዎት እኮ ወፍጮዎትን ነው!» አልኳቸው።

«ወፍጮ ይቆያል። አንተ አልሰማህም? ተቸገርኩ አለ። ሰው ፊት አለ! ቀላል ነገር ነው?» አሉኝ። በእሳቸው አማርኛ ሴት ወንድ የለም፣ ሁላችንም አንተ ነን።

የመኪናዋን ነገር አነሳሁባቸው። «መኪና ይበላል እንዴ?» አሉኝ።

ይኸው ነው። ቃሉ አንዴ ሰው ፊት ከወጣ፣ እውነት ነው ውሸት ብሎ መመርመር በእነሱ ዘንድ ነውር ነው። ይዞ መሄድ ብቻ። እና እሳቸው በቅን ልብ፣ እኔ በተንኮል፣ ለሥራ አስኪያጃችን መዋጮ ጀመርን። ሰው እንዴት እንደሰጠ ብታዩ! ጫኞቹ ማንጎ በጆንያ አመጡ። ከመጋዝ ክፍል ማሽላ መጣ፣ የእኛ ሴቶች ባሚያና ዶሮ አዋጡ። ጋሽ ሐሚስ ደግሞ ፍየል ጨመሩ፤ ለወፍጮው ማሟያ ሊሸጧት ያሳደጓትን። እሷን ሳይ ተንኮሌ ራሴን አሳፈረኝ። ግን አልተውኩም፤ ምን ልዋሻችሁ።

እሑድ ከሰዓት ጆንያውንና ፍየሏን ባጃጅ ላይ ጭነን፣ የቀረነው በእግራችን፣ ሥራ አስኪያጁ ግቢ ደረስን። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ማንጎው ዛፍ ሥር ድግስ ነው! ከአዲስ አበባ የመጡ የቦርድ አባላት ጥብስ ከበው ተቀምጠዋል። መምጣታቸውን አላወቅንም፤ እንዲህ ያለውን ዕድል ሎተሪም አይሰጥ። ፍየሏ ከባጃጅ ስትወርድ ገመዷን በጥሳ፣ ዘላ የአዲሷ መኪና ኮፈን ላይ ወጣች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ የቦርዱ ሰብሳቢ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ወይዘሮ።

ጋሽ ሐሚስ ቆባቸውን አስተካክለው ቀረቡ። «አንተ እንግዳ ነህ፣ አታውቅም። ሥራ አስኪያጅ ተቸገረ። ድርጅት ተቸገረ። የእኛን የጡረታ ብር አቆመ፣ የድሮውንም ያዘ። መስኪን! ልጆቹ ምን ይበላሉ ብለን መጣን።»

ወይዘሮዋ ጥብሱን አዩ። ከዚያ ኮፈኑ ላይ የቆመችውን ፍየል አዩ። ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረው፣ ድርሻው እንዲቆም ሠራተኞቹ ራሳቸው ተስማምተዋል ብለኸን አልነበረም ወይ አሉት። ላንተስ ደመወዝ የጨመርንልህ ድርጅቱ አትርፏል ስላልከን አይደለም ወይ አሉት። ሰውየው መሐረቡን አወጣ።

ጋሽ ሐሚስ ትከሻውን ያዝ አድርገው «አትፈር። ችግር ነውር አይደለም። ተቸግረሃል አይደለም?» አሉት።

እስቲ ምን ይበል? ተቸግሬያለሁ ቢል ለቦርዱ ዋሽቷል። አልተቸገርኩም ቢል ለእኛ ዋሽቷል። ቦርዱን መረጠ። «አልተቸገርኩም» አለ በስንት ጭንቅ።

«ጮክ ይበሉ፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አልኩ እኔ ክፉዋ።

«አልተቸገርኩም!»

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው ጋሽ ሐሚስ ጥምጥም አሉበት። የእውነት ደስ ብሏቸው ነው። «ችግር ካለፈ እንግዲህ የእኛን ብር መልስ!»

እልልታውን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ። ድምፄ ዘግቶ ሰነበተ። በሳምንቱ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ የድርጅቱ ድርሻ ይቀጥላል፣ የተጠራቀመውም ለሚወጣ ሁሉ በጊዜው ይከፈላል፣ የሥራ አስኪያጁ ጭማሪ ተነስቷል። ፍየሏም ቤቷ ተመለሰች። ጋሽ ሐሚስ በወራቸው ጡረታ ወጥተው ገንዘባቸውን ተቀበሉ። ወፍጮው ዛሬ ሰፈራቸው ውስጥ ሲያጓራ ይውላል። አረንጓዴ ነው። መጀመሪያ ቀን ሲያስነሱት ቆሜ አይቻለሁ፤ እሳቸው ሲስቁ እኔ አለቀስኩ።

እዚህ ላይ ባበቃ እንዴት ባማረልኝ! ስግብግቡ ተዋረደ፣ እኛ አሸነፍን፣ አለቀ። ግን ባለፈው ሳምንት ጋሽ ሐሚስ አስጠሩኝ። ሥራ አስኪያጁ ጭማሪውን ተማምኖ ለቤት መሥሪያ ተበድሮ ኖሯል፤ ብድሩ አንቆታል። ገበያ መሀል አግኝቷቸው ተቸገርኩ ብሏቸዋል። ሰው ፊት!

«ጋሽ ሐሚስ፣ ያ ሰውዬ እኮ...» ብዬ ሳልጨርስ የፍየሏን ገመድ አስያዙኝ።

በዚህኛው ዙር በሁለት እጁ ተቀበለን። ማንጎስ የለም ወይ ብሎም ጠየቀ። ይኸውላችሁ፣ አሁን ድርጅቱ ለእኛ ያዋጣል፣ እኛ ለሥራ አስኪያጁ እናዋጣለን። ማሸነፉን እንኳ አሸንፈናል።