ሳንቀመጥ የለመንናት ልጅ

ልጅ ትምህርት መረጠች ተብሎ ሽማግሌ ሲላክ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ያውም ራሴ ተልኬ። የእህቴ ልጅ ውዴ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምግብ ቴክኖሎጂ መረጠች። እናቷ «ምግብ ለመሥራት ዲግሪ?» ብላ አለቀሰች። እኛም አገር ሊፈርስ ነው የተባለ ይመስል፣ ጋቢያችንን ለብሰን ከደብረ ታቦር እብናት እነውዴ ቤት ድረስ ሄድን። እንደ ወጉ፣ እሺ ሳትይን አንቀመጥም ብለን ቆምን።

«ሕክምና ይሻልሻል ልጄ፤ ሰው ታድኛለሽ» አልኳት።

በክፉ ዓመት የበላው ጓያ እግሩን የሰበረው ታላቅ ወንድሟ፣ ሽማግሌ ቆሞ መቀመጥ ነውር ሆኖበት፣ በምርኩዝ ተደግፎ ተነሥቷል።

«ጋሼ፣ እኔ የምማረው ጓያ እግር ሳይሰብር እንዲበላ ነው» አለችኝ። «አሁን ተቀመጡ። እናንተ ካልተቀመጣችሁ እሱም አይቀመጥም።»

ተቀመጥን።