ጋሽ ሣህሉ አምስተኛውን ሲፈልጉ

[ጅማ፣ ጊንጆ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ኢዮስያስ የሚባል ወጣት የሞባይል ጥገና ቤት። ወለሉ ላይ የጫማ ካርቶን የሚያክሉ ስድስት ባለጎማ ሮቦቶች አሉ። ጡረተኛው ጋሽ ሣህሉ፣ ሰሞኑን የአንድ ለአምስት መሪ የተደረጉት፣ በሩ ላይ ቆመዋል።]

ሣህሉ፦ እሺ፣ መሪያቸው የትኛው ነው?

ኢዮስያስ፦ መሪ የላቸውም አልኩዎት እኮ ጋሼ!

ሣህሉ፦ ስድስት ናቸው። አንድ ለአምስት ሲደራጅ ልክ ስድስት ይመጣል። ልትነግረኝ አልፈለግህም እንጂ አንዱ መሪ ነው።

ኢዮስያስ፦ ማሎ ጋሼ! እያንዳንዱ አጠገቡ ያለውን ያያል። አንዱ በግራ ከሄደ ሌላው በቀኝ ይሄዳል። አንዱ ተፈላጊውን ካገኘ ለሁሉም ይናገራል፣ መጥተው ይከቡታል። በቃ!

ሣህሉ፦ ቃለ ጉባኤ ማን ይይዛል?

ኢዮስያስ፦ ማንም!

ሣህሉ፦ የቀረውንስ ማን ይገመግመዋል?

ኢዮስያስ፦ ሮቦት አይቀርም! ስብሰባ እኮ አይደለም፣ ፍለጋ ነው። የጠፋ በሬ ይሁን የሚሸሽ ሰው፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ፈልገው ይከተላሉ።

ሣህሉ፦ [ጆሯቸውን እያከኩ] የሚሸሽ ሰውም?

ኢዮስያስ፦ እሱማ ዋናው ነው!

ሣህሉ፦ እኔም አንድ አለኝ። አራቱን አሟልቻለሁ፣ አምስተኛው አልያዝ አለኝ። ዛሬም ስብሰባው ላይ ይዤው ካልቀረብኩ ግለ ሂስ አድርግ ሊሉኝ ነው። በየቅዳሜው ሳደርግ የምናገረው ጥፋት አልቆብኛል፣ ልጄ! ባለፈው ልጅ ሆኜ ከጎረቤት ዛፍ ላይ ዘይቱን መስረቄን ሁሉ አወጣሁ። በሽበቴ አፈርኩ።

ኢዮስያስ፦ [እየሳቀ] ሰውየው ጎበዝ ነው! እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ስብሰባ ባለ ቀን በሩን ከውጭ አስቆልፌ ከውስጥ እሠራለሁ። የድሮው መሪዬ ጥላሁን ሲያሳድደኝ ከርሞ፣ ተስፋ ቆርጦ አጋሮ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው፣ ይኸው በሬን ከፍቼ እውላለሁ።

ሣህሉ፦ ምስኪን ጥላሁን። ታዲያ እኔ የኔን ሰውዬ እንዴት ልያዘው?

ኢዮስያስ፦ ይዩ እንግዲህ። [ሮቦቶቹ የሚፈልጓትን ክብሪት የምታክል ምልክት ሰጪ መሣሪያ ኪሱ ከቶ ይንጎራደዳል፤ ስድስቱም ሮቦቶች ይከተሉታል።] መጀመሪያ ነገር፣ ተፈላጊው እንደሚፈለግ ማወቅ የለበትም።

ሣህሉ፦ አልነገርኩትም።

ኢዮስያስ፦ ጎሽ! ከዚያ ባለበት ያቆዩት። ስለ ሥራው ይጠይቁት። ሰው ስለ ሥራው ሲያወራ መሸሹን ይረሳል።

ሣህሉ፦ የሚያወራው ባይገባኝስ?

ኢዮስያስ፦ እንዲያውም ጥሩ! ባልገባዎት ቁጥር እንደገና ያስረዳዎታል።

ሣህሉ፦ እሱስ እውነት ነው።

ኢዮስያስ፦ እሱ ሲለፈልፍ የቀሩት ቀስ ብለው መውጫውን ይይዛሉ።

ሣህሉ፦ የፊቱን በር ብቻ ነው?

ኢዮስያስ፦ ጓሮውንም እንጂ! ጓሮውን ከረሱ አለቀ። እኔ ራሴ ስንቴ በጓሮ አምልጫለሁ!

ሣህሉ፦ [ወደ ጓሮ ጮክ ብለው] ሸዋረገጥ! ደረሳችሁ ወይ?

[ከጓሮ “ደርሰናል!” የሚል የሴት ድምፅ ይሰማል።]

ኢዮስያስ፦ ማን ናት?

ሣህሉ፦ የቡድኔ አባል ናት፣ ከፈየራ ጋር። ዘይቡና ሙሐመድሳኒ ከፊት በር ናቸው።

ኢዮስያስ፦ [ድምፁ ቀጠነ] ጋሼ... አምስተኛው ሰውዬ ማነው?

ሣህሉ፦ ጥላሁን አጋሮ ሲሄድ የሱን ሰው ለኔ ሰጡኝ።

[ኢዮስያስ ዘሎ ጠረጴዛው ሥር ይገባል። ስድስቱ ሮቦቶች ተከትለውት ይከቡታል፤ ጲጵ፣ ጲጵ ይላሉ።]

ኢዮስያስ፦ ሂዱ! ዞር በሉ! እኔ ነኝ እኮ!

ሣህሉ፦ አሃ፣ እንዲህ ነው ለካ የሚከቡት።

ኢዮስያስ፦ [ከጠረጴዛው ሥር አንገቱን አውጥቶ] ጋሼ፣ ያ ሁሉ “አልገባኝም” ማታለያ ነበር ማለት ነው?

ሣህሉ፦ [ክንዱን ይዘው እየጎተቱ] ኧረ እሱስ እውነቴን ነው፣ እስካሁን አልገባኝም። ተነስ፣ መንገድ ላይ ታስረዳኛለህ።