ከጀርባዬ የቆመው ድኩላ

ሰው በገዛ ዓይኑ ካየው ይልቅ በስልክ የተላከለትን ማመን ከጀመረ ቆይቷል። አንድ ደንበኛ አለኝ፤ ዝናቡ በላዩ ላይ እየወረደ «ዛሬ ይዘንባል ይላል» ብሎ ስልኩን ያሳየኛል። ጃንጥላ ግን አልያዘም። ዘመኑን ልወቅስ ፈልጌ አይደለም፤ እኔም ስልክ አለኝ፣ የአየሩን ነገር ግን ቀና ብዬ ነው የማየው። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ አየር ጤና ላይ ጎማ እየለጠፍኩ ልጆቼን ያሳደግኩ ጎሚስታ ነኝ። የማውቀው ጥቂት ነው። የገዛ ጀርባዬን ግን አውቃለሁ ብል ማንም የሚከራከረኝ አይመስለኝም ነበር። ተከራከሩኝ።

ቤቴ አስኮ፣ ከጫካው ግርጌ ነው። እሑድ እሑድ ቤተክርስቲያን አስቀድሳለሁ። በሌላው ቀን ጠዋት ግን፣ ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ጋቢዬን ተከናንቤ ሽቅብ ወደ ጫካው እወጣለሁ። ለምን በሉኝ። ቤተክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ስቆም ሰው ጸሎቴን አያስጨርሰኝማ! «ጋሽ ወርቁ፣ የኋላ ጎማዬ በየቀኑ እየተነፈሰ አስቸገረኝ፣ ምን ይሻላል?» ይለኛል፣ ያውም አቡነ ዘበሰማያት መሃል ላይ። እግዚአብሔር ታጋሽ ነው። እኔ አይደለሁም። ስለዚህ አንድ ትልቅ ጥድ ሥር ዓይኔን ጨፍኜ፣ ግንባሬን መሬት አስነክቼ እሰግዳለሁ፤ ከዚያ ጭቃዬን አራግፌ ታክሲ መያዝ ነው።

ባለፈው ክረምት፣ ፍልሰታ በገባ ሰሞን፣ ጉንፋን ጥሎኝ አራት ቀን ከጫካው ቀረሁ። በአምስተኛው ቀን፣ ገና ሳይለቀኝ፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ወደ ሥራ ስሄድ አጠገቤ ያለችው ሴት ስልኳን ዘረጋችልኝ።

«አባባ፣ የአስኮውን ባሕታዊ አይተውታል?»

ፎቶ ነው። ጉም በጉም ነው፤ በጉሙ መሃል ነጭ የለበሰ ሰው ተደፍቶ ይሰግዳል። ከጀርባው፣ አምስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ ጥቁር ወንድ ድኩላ ቆሟል። ዝም ብሎ፣ ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው።

«ጀርባው ላይ ያለውን መስቀል አዩት? ጨርቁ ላይ በራሱ ወጣ እኮ ነው የሚሉት!» አለችኝ።

አየሁት። ያ መስቀል፣ ብርድ ሲብስብኝ ጋቢዬን ደርቤ ስሠራ የፈሰሰብኝ የጎማ መለጠፊያ ማስቲሽ ነው። ባለቤቴ በሦስት ዓይነት ሳሙና አጥባው አልለቅም ያለ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ቀጥሎ ባለው ፌርማታ ወረደች፤ መውረጃዋ ይሁን አይሁን እሷ ታውቃለች።

በነጋታው ጫካ ስወጣ ቦታው ገበያ ሆኗል። ጧፍ የሚያበራ አለ፣ ከጥዱ የሚንጠባጠበውን የዝናብ ውሃ በጀሪካን የሚቀዳ አለ፣ ዳቦ ቆርሶ የሚያድል አለ። ፍርፋሪውን ተከትሎ የመጣው ውሻ ደግሞ ከምእመኑ አይተናነስም። ዳር ላይ የዝናብ ልብስ የለበሰች ወጣት ቆማ ታለቅሳለች። ስለት ያላት መስሎኝ ነበር። ለካ ዛፉ ላይ ካሜራውን ያሰረችው እሷ ናት። ሶስና ትባላለች፤ የዱር እንስሳት ታጠናለች። ካሜራው አንሺ ሰው አይፈልግም፤ ፊቱ አንዳች ነገር ሲንቀሳቀስ በራሱ ያነሳል። ፎቶውን ለጫካው ጥበቃ አሳየችው፣ ጥበቃው በስልኩ አንስቶ ለዘመዱ ላከው፤ የቀረውን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ጋቢዬን አይታ ዞር በሉ አለችኝ። ዞርኩላት።

«እርስዎ ነዎት!» አለች። በዚያ ሰሞን በቃሌ፣ ይቅርታ፣ በጀርባዬ ያመነችኝ እሷ ብቻ ናት።

«ጋሼ፣ ድኩላ ሰው አጠገብ እንዲህ አይቆምም፤ እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር። የሌሎቹን ካሜራዎች ፎቶ ሳይ ነው የገባኝ። ውሾች ያሳድዱታል። እርስዎ ያሉበት ግን ድርሽ አይሉም። አሁን ይኸው፣ ዳቦው ውሾቹን እዚሁ አመጣቸው። ትናንት እያነከሰ ሲሮጥ ነው ያየሁት። እንዲህ ከቀጠለ ይበሉታል።»

ልብ በሉ እንግዲህ። ድኩላው ጻድቅ ነው ብሎ አልመረጠኝም፤ ዘበኛ አድርጎ ቀጠረኝ እንጂ፤ ያውም ሳያማክረኝ። ቢሆንም ልተወው አልቻልኩም። ደንበኞቼ ጎማቸውን ሰጥተውኝ እጄ እጄን ነው የሚያዩት፤ ይህ አውሬ ግን ነፍሱን ሰጥቶኝ ቅጠሉን ይበላል። እና ዝም ልበል?

ከመሬት ወጣ ያለው የጥዱ ሥር ላይ ቆሜ ጮህኩ። «ወገኖቼ፣ ባሕታዊ የለም! እኔ ነኝ፣ ጎሚስታው ወርቁ! እንስሳውን ለውሻ ልታስበሉት ነውና ወደየቤታችሁ ግቡ!»

ሳቁብኝ። አጥር የምንዋሰነው እትዬ የሺ ከፊት ነበሩ።

«አንተ ወርቁ፣ አታፍርም? ባለፈው ስለ ቦይ ውሃ ከልጄ ጋር ስትጨቃጨቅ ሰፈሩን ያናወጥከው አንተ አይደለህ? አንተን ድኩላ ቀርቶ ድመት ይጠጋሃል?»

«ድመትም አይጠጋኝ፣ እትዬ። ፎቶው ግን የኔ ነው።»

«ቅናት ነው!» አለ አንዱ። ሌላው ደግሞ «ዞር በል ሰውዬ፣ ጻድቁ የተንበረከኩበትን እየረገጥክ ነው!» ብሎ ገፋ አደረገኝ። የገዛ ጉልበቴ የጎደጎደውን ቦታ!

ንዴቴ መጣ። ጾም ነው፣ አይፈቀድም፤ ቢሆንም መጣ። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ጭቃው ላይ ተደፋሁ። «ስልካችሁን አውጡና አስተያዩ!»

ስልኮች ወጡ። እትዬ የሺ ጠጋ ብለው እድፉን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉና አሸተቱት።

«ማስቲሽ ነው» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ተገላገልኩ ብዬ ቀና ስል ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «በል እንግዲያው ለዚህ ለጉልበቴ ጸልይልኝ።» ከኋላቸው ሰልፍ ተጀመረ። አልዋሻችሁም፤ ለአንዲት ቅጽበት ጋቢዬን አስተካክያለሁ። ያኔ አንድ ውሻ ቁራሽ ዳቦ ነክሶ በእግሮቼ መሃል ሾልኮ አለፈና ነቃሁ።

«እትዬ፣ ለጉልበትዎ ቤቴ ሆኜ እንደ ጎረቤት እጸልያለሁ። እዚህ ግን የምፈውሰው የለኝም። ጎማ የተነፈሰበት ካለ አየር ጤና ይምጣ!»

ያኔ ነው የተቆጡት። ቅድም እኔ ነኝ ስል ያላመኑኝ ሰዎች «አታላይ! በፍልሰታ ሕዝብ ያታልላል!» እያሉ፣ ጧፋቸውን እየሰበሰቡ ቁልቁል ወረዱ። እኔም ከላይ ሆኜ «ዳቦውንም ውሰዱ!» እያልኩ አምባረቅሁባቸው። ንስሐ ግባ ያለኝ አለ። በሌላው ኃጢአቴ እገባለሁ። በዚህስ አልገባም።

ውሾቹ ግን እንደ ሰዎቹ ቶሎ አልሄዱም። ጾሙ ከተፈታ በኋላ አንድ ቀን ሶስና ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣች። ካሜራው ያነሳው አዲስ ፎቶ ይዛለች። ጋቢዬ ከትከሻዬ ወርዶ ጭቃ ይጠርጋል፣ አፌ እስከ መንጋጋዬ ተከፍቷል፣ እጄ ላይ የቡጢ ያህል ድንጋይ አለ፤ ፊት ለፊቴ ሁለት ውሾች ጅራታቸውን ቆልፈው ይሮጣሉ። ከጀርባዬ ድኩላው፣ አንድ እግሩን አንከርፍፎ፣ ቅጠሉን ያላምጣል።

«አይስጉ ጋሼ፣ ይህን ለማንም አላሳይም» አለችኝ።

«እኔ አሳያለሁ» አልኳት።

ትልቅ አድርጌ አሳጥቤ ጎሚስታ ቤቴ በር ላይ ሰቀልኩት። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ቆም ብሎ ያየውና፣ «ጋሼ፣ ይሄ እብድ ደግሞ ማነው?» ይለኛል።

«እኔ ነኝ» እላለሁ።

እስካሁን አንድም ሰው አልተጠራጠረኝም።