የአቶ ሃልቨር ኮምባይነር እና የእኛ አደባባይ

የመንገድ መሥሪያ ቤት አደባባይ ልሥራ ባለበት አገር ሁሉ፣ ከስብሰባው የፊት ወንበር ላይ አንድ አቶ ሃልቨር አይጠፋም። ሠላሳ ዓመት አደባባይ ስነድፍ ስለኖርኩ ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ። የሁሉም አለቃ ግን ኖርዳል የምትባል ትንሽ ከተማ ገበሬ ክቡር አቶ ሃልቨር ትቬይት ነበሩ።

በከተማዋ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ንድፌን ጠረጴዛ ላይ ስዘረጋ፣ እሳቸው ከግማሽ ሰዓት በፊት መጥተው ቦታቸውን ይዘዋል። አደባባይ ስንት ነፍስ እንደሚያድን በቁጥር አስረዳሁ። አቶ ሃልቨር ቆባቸውን አውልቀው ተነሡ።

«እሱስ ይሁን። እዚህ ውስጥ ኮምባይነር ነድቶ የሚያውቅ አለ?»

ግማሹ በቆሏቸው ከመንገዱ ማዶ ነው። ያ ግዙፍ የእህል ማጨጃ ማሽን በአደባባዩ ካላለፈ፣ ያ ሁሉ በቆሎ በረዶ ሊበላው ነው።

«አቶ ሃልቨር፣ ኮምፒውተሩ ያልፋል ብሏል» አልኩ።

«ኮምፒውተሩ በቆሎ አለው እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በአራት ስብሰባ አራት ጊዜ ይህንኑ ጠየቁኝ። በመጨረሻ እልህ ያዘኝና፣ አንድ ቅዳሜ በከተማዋ የባዛር ሜዳ ላይ አደባባዩን በልኩ በብርቱካናማ የትራፊክ ኮኖች ሠራሁት። አገሩ ሁሉ ቋሊማውን እየገመጠ ሊያይ ወጣ። አቶ ሃልቨር ኮምባይነሩን ሰፊውን የፊት ማጨጃ እንደገጠሙ እየነዱ ገቡ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ አርዲስ ጮክ ብለው የወደቀውን ኮን ይቆጥራሉ። አሥራ አንድ ደረሱ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

መሐል ያለውን ክብ አሳንሼ፣ ጎማ የሚወጣበትን ዝቅ ያለ የኮንክሪት ጠርዝ አሰፋሁ። በሳምንቱ ደግመው ነዱ፤ አንድም ኮን አልወደቀም። ከላይ ሆነው አዩኝና «አሁን ገና መንገድ መሰለ፣ አንተ ልጅ» አሉ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር።

አደባባዩ ተሠርቶ ካለቀ በኋላም ፊት ለፊቴ አንድ ቀን አላመሰገኑኝም። ለእንግዳ ግን «አደባባዬ» እያሉ ያሳዩ እንደነበር ወይዘሮ አርዲስ በቀብራቸው ዕለት ነገሩኝ።

ባለፈው ወር፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በጎረቤት ከተማ ስለ አዲስ አደባባይ እንዲህ ያለ ስብሰባ መኖሩን ሰምቼ ሄድኩ። አንዲት ወጣት መሐንዲስ ያማረ ሥዕል በስክሪን አሳየች። የፊቱ ወንበር ባዶ ነው። የተቃወመም የጠየቀም የለም፤ በሃያ ደቂቃ አለቀ። እኒያ ነዝናዛ ሽማግሌ ክፉኛ ናፈቁኝ።

«እንግዲህ ጥያቄ ከሌለ...» አለች ልጅቷ።

እጄ ሳላዘው ተነሣ። «ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ኮምባይነር ነድቶ የሚያውቅ አለ?»

ፈገግ አለች። «ኮምፒውተሩ ያልፋል ብሏል፣ አባባ።»

ካፖርቴን አንሥቼ ሄድኩና የፊቱ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።