ፊልሙን የሚነግሩን ሶር ኦሬስቴ

በዓይንህ ያየኸውን፣ በጆሮህ የሰማኸውን መልሶ የሚነግርህ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። በሮማው ሰፈራችን በቴስታቾ የዚህ ማዕረግ ባለቤት የሆኑትን ክቡር ሶር ኦሬስቴን (ሶር እኛ ዘንድ አቶ ማለት ነው)፣ ትናንት ገበያ አገኘኋቸው። ሻጯ «ሰላጣው ዛሬ ጠዋት የተቀጠፈ ነው» አለችኝ። መሃላችን የቆሙት ሶር ኦሬስቴ ወደ እኔ ዞሩና፣ «ዛሬ ጠዋት ነው የተቀጠፈው አለች» አሉኝ።

ጥፋቱ የራሳችን ነው። ፊልም ዲዳ በነበረበት ጊዜ ግማሹ ሰፈር ማንበብ ስለማይችል፣ ሸራው ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ጮክ ብለው የሚያነቡልን እሳቸው ነበሩ። ለወይዘሮዋ ቀጭን ድምፅ፣ ለከሃዲው ወፍራም፤ ጽሑፉ ሲያጥርባቸው ደግሞ ከራሳቸው ይመርቁበታል። እኛም እያመሰገንን አበላሸናቸው።

ከዚያ የሚናገርና የሚዘፍን ፊልም መጣ፣ ያውም በገዛ ቋንቋችን። የክት ልብሳችንን ለብሰን ገባን። ዘፋኙ ገና አፉን ከመክፈቱ፣ «ያላንቺ አልኖርም አላት» አሉ ሶር ኦሬስቴ። ልጅቷ በዘፈን መለሰች። «ውሸትህን ነው አለችው» አሉ። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ሶራ አርጂያ ምርር ቢላት የምትበላውን ግብጦ ማጅራታቸው ላይ ወረወረች። «ግብጦ ተወረወረ» ብለው ነገሩን።

በመጨረሻ ባለ ሲኒማው ሶር አቲሊዮ፣ ከእንግዲህ አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ደጁን እንደማይረግጡ አስጠነቀቃቸው። ለእሳቸው ይህ ከቤተ ክርስቲያን ከመወገዝ ይከፋል። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ ያላቸው እሁድ ብቻ ነው። በሚቀጥለው እሁድ አዲስ ፊልም ሲታይ አፋቸውን በመሐረብ ይዘው ተቀመጡ። እፎይ አልን።

ልጅቷ ባቡር ጣቢያ ቆማ የስንብት ዘፈኗን ስትጀምር፣ ድምፁ የተቀዳበት ሸክላ ተሰነጠቀ። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ሰው አፏጨ፣ ወንበር ደበደበ፤ ቀጥሎ ግን ሁላችንም ወደ ሶር ኦሬስቴ ዞርን። እሳቸው በጣታቸው ሶር አቲሊዮን አሳዩን።

«ኧረ ምን እያለች ነው? ይንገሩና፣ የኔ ጌታ» አለች ሶራ አርጂያ፣ ባለ ግብጦዋ።

ሶር አቲሊዮ ለወንበሮቹ ሲል በእጁ ፈቀደ። እሳቸውም መሐረቡን አውርደው፣ በዚያች ቀጭን ድምፅ፣ ማንም ያልጻፈውን ስንብት ተናገሩ፦ «ባቡሩ ከዘገየ ተመለስ፤ እራቱን አላነሳሁትም አለች።»

ትናንት ስንለያይ፣ ሸክላው በአዲስ መተካቱን ነገርኳቸው፤ በዚህ እሁድስ እባክዎን ዝም ብለን እንስማ ብዬ ለመንኳቸው። ሰላጣቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡ።

«አንተ መሐረብ ይዘህ ና» አሉኝ። «ባለፈው ስንብቱ ላይ ንፍጥህን ስትስብ ሰው ረብሸሃል።»